ለመንገደኛ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሆን የካሜራ ማቆሚያ አመራረጥ

በፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫዎቻችን ውስጥ ካሜራውና ሌንሱ በመስታወት ሣጥን በክብር ተቀምጠው ሲታዩ፣ ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ማለት በተለምዶ ትራይፖድ ወይም ስታንድ የምንለው ዕቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው ጥግ እንደ ጃንጥላ ተደግፎ ይገኛል። ገዥው ስለ ካሜራው ወራት ሙሉ ሲያስብና ሲጠይቅ ከርሞ ማቆሚያውን የሚመርጠው በሩብ ሰዓት ነው። ሻጩም በካርቶኑ ላይ ከታተመው ቁጥር በቀር የሚያስረዳው ብዙ ነገር የለውም። ካሜራዎች 10 ወይም 12 ሜጋፒክስል በነበሩበት ጊዜ ይህ ልማድ ያን ያኽል ጉዳት አላደረሰም። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 የኒኮን ኩባንያ ዲ800 የተባለውን ባለ36 ሜጋፒክስል ካሜራ አወጣ፤ በ2015 ካኖን ቁጥሩን 50 አደረሰው፤ በ2019 ደግሞ ሶኒ 61 ሜጋፒክስል ያለውን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፉጂፊልም በዚያው ዓመት ሴንሰሩ ሰፋ ባለ ካሜራ ከ100 በላይ አለፈ። እንዲህ ያለው መሣሪያ በድሮው ዓይነት ደካማ ማቆሚያ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ የከፈለበት ጥራት በፎቶግራፉ ላይ ሳይታይ ይቀራል።

ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህም ከውጭ የሚመጣ ደኅና ማቆሚያ ለአስመጪውም ሆነ ለገዥው ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ወጥቶ በትክክለኛው ዕቃ ላይ ይውል ዘንድ፣ ነጋዴውና ፎቶግራፍ አንሺው ምን ምን ማየት እንደሚገባቸው በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። የጽሑፉ አቅራቢ ይህን ዕውቀት ያገኘው በትምህርት ብቻ ሳይሆን በኪሳራም ጭምር ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የኪሳራውን ታሪክ መናገር ይገባዋል።

በእንጦጦ ላይ የሆነው ነገር

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ድርጅት አዲስ ላሠራው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ የአዲስ አበባን መሐል ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ላይ የሚያሳይ፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ እንዳዘጋጅለት ተዋዋልን። ካሜራዬ ባለ61 ሜጋፒክስል ነበረ። ይህ ካሜራ በወርዱ 9504 ነጥቦች ስለሚመዘግብ፣ ፎቶግራፉ በተባለው ስፋት ሲታተም በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ላይ 40 ያኽል ነጥቦች ይውላሉ። ይህም ማለት አንድ እንግዳ አንድ ሜትር ያኽል ቀርቦ ቢመለከተው እንኳ ነጥቡን ከነጥብ ለይቶ ማየት አይችልም። ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 209 ሜትር የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ከነመስኮቱ ጠርቶ እንዲታይ ተዋዋዬ አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

ሰዓቱን የመረጥኩት ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ የከተማው መብራትም ሲበራ ነበር። የጥቅምት አየር ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ንጹሕ ነው፤ ብርዱና ነፋሱ ግን በዚያ ከፍታ ላይ የሚታወቅ ነው። ይዤ የወጣሁት ማቆሚያ ለጉዞ የተሠራ፣ ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም ከጥቂት፣ እያንዳንዱ እግሩ በአምስት ቱቦ ተሰካክቶ የሚዘረጋ ነበር። በካርቶኑ ላይ 12 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ተጽፏል። ካሜራዬና 200 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በአንድነት 3 ኪሎ ግራም እንኳ ስለማይሞሉ፣ አራት እጥፍ የሚተርፍ አቅም ያለው ዕቃ እንደ ያዝኩ አምኜ ነበር። ከፊት ለፊቴ ቁጥቋጦ ስለ ነበረ የመካከሉን ምሰሶ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሳብኩት፤ ከሩብ ሴኮንድ እስከ ሁለት ሴኮንድ በሚደርስ ጊዜ አርባ ያኽል ፎቶግራፎች አንሥቼ በካሜራው ትንሽ መስኮት ስመለከታቸው ሁሉም ያማሩ ሆነው ታዩኝ።

በማግሥቱ በሰፊው የኮምፒዩተር መስታወት ላይ አጉልቼ ሳያቸው ግን እንደ ጤፍ ፍሬ ድብልብል መሆን የሚገባቸው የመስኮት መብራቶች እንደ ገብስ ፍሬ ረዝመው ተገኙ። አንዱ እንኳ ደኅና አልነበረም። በሳምንቱ ተመልሼ ወጣሁ፤ በዚያው ማቆሚያ ላይ፣ ይረጋ ብዬ የዕቃ ቦርሳዬን ከመካከሉ ምሰሶ በታች አንጠለጠልኩ። ነፋሱ ቦርሳውን እንደ ደወል ምላስ ሲያወዛውዘው፣ ፎቶግራፎቹ ከበፊቶቹ የባሱ ሆኑ። የምረቃው ቀን ደረሰ፤ እንግዶች ገቡ፤ ግድግዳው ግን ባዶ ነበር። ድርጅቱ ቀብዱን ተቀብሎ ውሉን አፈረሰ፤ ሊቀጥል የነበረው የሌሎች ሁለት ከተሞች ሥራም በዚያው ቀረ። ተዋዋዬን አልወቅሰውም።

ቀድሞ በፒያሳ የፎቶግራፍ ቤት የነበራቸውን አንድ አዛውንት ሄጄ ሳማክራቸው ማቆሚያውን ተቀብለው ዘረጉት፤ በጣታቸውም እግሩን ከታች መታ አደረጉት።

«ይህን ስትገዛ ምኑን አየህ ልጄ?» አሉኝ።

«ክብደቱንና የሚሸከመውን ኪሎ ነው፣ ጋሼ።»

«ለመሸከም ለመሸከምማ ሸንበቆም አሞራ ይሸከማል» ብለው መለሱልኝ።

የሚሸከምና የሚረጋ

የእኒህ አዛውንት አነጋገር የነገሩን ሥር የሚያስረዳ ነው። በካርቶን ላይ የሚጻፈው የኪሎ ግራም ቁጥር የሚናገረው ማቆሚያው ሳይሰበርና መቆለፊያው ሳይንሸራተት ምን ያኽል ጭነት እንደሚችል ነው እንጂ፣ ነፋስ ሲነካው ወይም የካሜራው መዝጊያ ሲመታ ምን ያኽል እንደሚወዛወዝ አይደለም። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ ቁጥሩን የሚያወጣው በራሱ መንገድ ስለ ሆነ፣ የአንዱን 12 ከሌላው 12 ጋር ማስተያየት ከንቱ ነው። የ12 ኪሎው ከ8 ኪሎው ይልቅ የሚወዛወዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገዥው የሚያስፈልገውን የጭነት ቁጥር ካረጋገጠ በኋላ ረስቶት ወደ ግትርነቱ ማለፍ ይገባዋል።

የሚፈለገው ግትርነት ምን ያኽል እንደ ሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በባለ61 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ሴንሰር ላይ የአንዱ ነጥብ ወርድ 3.76 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑ ይታወሳል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሣ፣ ይህ ነጥብ ከእንጦጦ አናት 8 ኪሎ ሜትር ያኽል በሚርቀው በንግድ ባንኩ ሕንፃ ላይ 15 ሳንቲሜትር ይሆናል። በዚያ ርቀት የመስኮት ፍሬም የሚለየው ለዚህ ነው። ነገር ግን 20 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ሌንስ ጫፉ 3.76 ማይክሮን ያኽል ብቻ ቢያዘነብል ምስሉ አንድ ሙሉ ነጥብ ይዛወራል። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለ ሆነ፣ የተባለው ማዘንበል ከጠጉር አንድ ሃያኛ ያኽል መሆኑ ነው። የእኔ መብራቶች ገብስ የመሰሉት ሌንሱ በነፋሱ የጠጉር ሩብ ወይም ሲሶ ያኽል ሲወዛወዝ ስለ ቆየ ነው፤ ይህንንም በዓይን ማየት አይቻልም።

ለእውነቱ ስንል ደግሞ ማቆሚያው የማይጠየቅበትን ጥፋት እንለይ። በቀትር ከሞቀ መሬትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚነሣው አየር ሩቁን ነገር ሁሉ ያርገበግበዋል። በሩቅ ርቀትና በረዥም ሌንስ በዚህ ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍ በድንጋይ ዓምድ ላይ ቢቀመጥም አይጠራም። የጠዋቱ ብርድ የሚመረጠው ለብርሃኑ ማማር ብቻ አይደለም።

ካሜራን በሦስት እግር ማቆም ከጥንት የመጣ ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጅያን እንኳ በዘመናቸው ያለዚሁ መሣሪያ ሥራቸውን አይሠሩም ነበር። ሦስት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሲንገዳገድ፣ ሦስት ነጥብ ግን በማናቸውም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እናቶቻችን ድስቱን በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጥዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። በካሜራ ረገድ ግን ጉልቻውን መለወጥ ወጡን የሚያጣፍጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እግሩን በካሊፐር መለካት

የቱቦ ግትርነት ከሁሉ ይልቅ የተመሠረተው በውፍረቱ ላይ ነው። የግድግዳቸው ውፍረት እኩል የሆነ ሁለት ስስ ቱቦዎችን ብናነጻጽር፣ ለመታጠፍ የሚያሳዩት እምቢታ የዲያሜትራቸውን ኩብ ተከትሎ ይሄዳል፤ ማለት ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቱቦው ከቱቦ ውስጥ የሚገባ ስለ ሆነ፣ እግሩ በተከፋፈለ ቁጥር እያንዳንዱ ክፍል ከበላዩ ካለው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀጥናል። የእኔን ማቆሚያ በካሊፐር ስለካው ከላይ 25፣ ቀጥሎ 22፣ 19፣ 16፣ በመጨረሻም 13 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የታችኛው ቱቦ ከላይኛው ሰባት ጊዜ ያኽል የደከመ ነበር ማለት ነው፤ ማቆሚያውም በሰንሰለት ውስጥ እንዳለ ደካማ ቀለበት በዚያው ልክ ይመዘናል። ካርቶኑ የሚናገረው ስለ 25ቱ ብቻ ነው።

አሁን የምጠቀምበት በአራት ክፍል የሚዘረጋ ሲሆን፣ 28፣ 25፣ 22 እና 19 ሚሊ ሜትር ነው። የታችኛው ቱቦው ከቀድሞው ታችኛ ሦስት ጊዜ የሚበልጥ ግትርነት አለው። የእግሮቹ ክብደት ግን 1 ኪሎ ከ300 ግራም አይሞላም። ልዩነቱ የመጣው ከክብደት ሳይሆን ከሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ክፍል በመቀነሱ፣ ሲታጠፍ 8 ሳንቲሜትር ያኽል በመርዘሙና ሲዘረጋ ጥቂት በማጠሩ ነው።

ለጉዞ የሚሆን ማቆሚያ አራት ነገሮችን በአንድነት ይሰጣል ተብሎ ይወደሳል፤ ማለት ቀላል፣ ሲታጠፍ አጭር፣ ሲዘረጋ ረዥምና የሚረጋ መሆኑ ነው። አራቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ማቆሚያ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ከአራቱ አንዱን መተው የግድ ሲሆን፣ ባለ ከፍተኛ ጥራት ካሜራ ያለው ሰው የሚተወው ርዝመቱን ይሁን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ዓይኑ 1 ሜትር ከ60 አካባቢ ነው፤ የማቆሚያው ራስና ካሜራው ራሳቸው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ስለሚጨምሩ፣ እግሮቹ 1 ሜትር ከ40 ቢደርሱ ሳይጎነበስ ይሠራል። መስኮቱ ወደ ላይ የሚታጠፍ ካሜራ ያለው ሰው 1 ሜትር ከ25 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት በዳገት ላይ አንዱን እግር ወደ ቁልቁል ለመስደድ ካልሆነ በቀር የሚያገለግልበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የመካከሉ ምሰሶ ሌላው ፈተና ነው። ሲወርድ ምንም አይጎዳም፤ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ባለአንድ እግር ያደርገዋል። በእንጦጦ ላይ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ትልቁ ይህ ነበር፤ አሥር እርምጃ ወደ ጎን ብሄድ ቁጥቋጦው አይጋርደኝም ነበር። አንዳንድ ፋብሪካዎች ምሰሶ የሌለውን ወይም የሚነቀለውን ይሠራሉ፤ ለከፍተኛ ጥራት ካሜራ እነርሱን መምረጥ ይሻላል።

ስለ ቱቦው ማዕድን ሁለት ምርጫ አለ፤ አሉሚኒየምና ካርቦን ፋይበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1917 በፈረንሳይ አገር አርሴን ጊትዞቨን የመሠረተው የጊትዞ ፋብሪካ በ1994 የካርቦን ፋይበር ማቆሚያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ይህ ዓይነቱ በባለሙያዎች ዘንድ ተለምዷል። ካርቦን ፋይበር ከአሉሚኒየም ይልቅ የቀለለ ነው፤ የተነሣበትን ንዝረትም ቶሎ ያበርዳል፤ በብርድ ጊዜ እጅ አያቃጥልም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። አቅሙ የማይፈቅድለት ገዥ ከቀጭን ካርቦን ይልቅ ወፍራም አሉሚኒየም ቢገዛ የተሻለ ፎቶግራፍ ይወስዳል፤ በትከሻው ላይ የሚጨመረውን ግማሽ ኪሎ ግራም ከቻለ ማለት ነው። እግሮቹ ወደ ላይ ተገልብጠው ራሱን የሚያቅፉበት የመታጠፊያ ዘዴም ከዚሁ ከጊትዞ በ2004 ለጉዞ ማቆሚያ የመጣ ነው። በ2019 ደግሞ ፒክ ዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቱቦዎቹን ክብ ከማድረግ ይልቅ እርስ በርሳቸው እንዲገጣጠሙ አድርጎ ቀርጾ፣ ከታጠፈ በኋላ በመካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ አጠበበ። ዛሬ የቻይና ፋብሪካዎች ሁሉንም ዓይነት ይሠራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሥራቸው የሚያስመሰግን አሉ፤ ስም ብቻ የለወጡም አሉ፤ የሚለያቸው ካሊፐሩ ነው።

ራሱና መጋጠሚያው

ጠንካራ እግር ገዝተው በላዩ ላይ ደካማ ራስ የሚያስቀምጡ ሰዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። በጉዞ የሚመረጠው ባለኳስ ራስ ነው። የኳሱ ዲያሜትር ከ36 እስከ 44 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሲጠብቅ ምስሉ ወደ ታች ዝቅ የሚል ከሆነ ራሱ አይረባም። ካሜራው የሚቀመጥበት ፕሌት በላዩ ላይ ወፍራም ጎማ ወይም ቡሽ የተለጠፈበት ከሆነ፣ ከታች ያለውን ግትርነት ሁሉ ያ ለስላሳ ነገር ያጠፋዋል፤ ጠርዙ የካሜራውን ጀርባ ይዞ እንዳይዞር የሚያደርገው ባዶ የአሉሚኒየም ፕሌት ይሻላል። አርካ ስዊስ ተብሎ የሚጠራው ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር ያኽል የሆነው መጋጠሚያ ዛሬ በአብዛኛው ተለምዷል፤ ነገር ግን ፋብሪካዎች በጥቂቱ ስለሚለያዩበት፣ የአንዱ ፕሌት በሌላው መቆንጠጫ ላይ የሚላላበት ጊዜ አለና በእጅ መሞከር ያስፈልጋል። ካሜራውን የሚይዘው ብሎን ሩብ ኢንች፣ ራሱን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው። ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረውን ትንሽ ማጋጠሚያ ጥቂት በመሳቢያው ቢያኖር፣ የሚሸጥበት ዋጋ አነስተኛ ቢሆንም ደንበኛው አይረሳውም።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ የማያስታውስ ገዥ ቢሆን እንኳ አንዲት ፈተና ትበቃዋለች። የራሱን ካሜራና ካሉት ሌንሶች ረዥሙን ይዞ ወደ ሱቁ ይሂድ። ማቆሚያው ሊሠራበት ባሰበው ቁመት ይዘርጋ፤ ከዚያ በታች አይሁን፤ ሁሉም ማቆሚያ በአጭሩ ሲቆም ይረጋልና። ካሜራውን በመንገዱ ማዶ በሚታይ ጽሑፍ ላይ አነጣጥሮ፣ በካሜራው መስኮት ምስሉን እስከ መጨረሻው ያጉላው። ከዚያም የእግሩን ታችኛ ክፍል በጣቱ ቀስ ብሎ መታ አድርጎ ጽሑፉ እስኪረጋ ድረስ ይቁጠር። ደኅናው ማቆሚያ አንድ ከማለቱ በፊት ይረጋል፤ የእኔ የቀድሞው እስከ አራት ያስቆጥር ነበር። ቀጥሎም የሌንሱን ጫፍ በጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ይልቀቀው፤ ጽሑፉ ወደ ነበረበት ቦታ በትክክል ካልተመለሰ፣ በራሱ ወይም በፕሌቱ ወይም በመቆለፊያው ውስጥ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። በመጨረሻም ቀጭኑን ክፍል ብቻ ዘርግቶ ቆልፎ በሙሉ እጁ ወደ ታች ይጫነው፤ መንሸራተት የለበትም።

ይህን ፈተና የሚከለክል ነጋዴ ቢያጋጥም ገዥው ወደ ሌላ ሱቅ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሚፈቅድ ነጋዴ ደግሞ አንዱን ናሙና ዘርግቶ ለዘወትር ማቆየት አለበት፤ ከተሸጠ በኋላ ከሚመለስ ዕቃ ይልቅ አንድ ናሙና ቢያረጅ ኪሳራው ያነሰ ነው። የማቆሚያው ታችኛ ቱቦ ዲያሜትርና ሲዘረጋ ያለ ምሰሶ ያለው ቁመት በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በናሙናው ላይ ቢንጠለጠልም ገዥው በካርቶኑ ቁጥር አይታለልም። አስመጪው ስድስት ዓይነት ደካማ ማቆሚያ ከሚያመጣ፣ ሁለት ዓይነት ደኅና ከነመለዋወጫው ቢያመጣ ይመረጣል። የእግር ጎማ ይጠፋል፤ በመቆለፊያው ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ቀለበቶች ያልቃሉ፤ ባለስድስት ጎን መፍቻው ከጉዞ ሳይመለስ ይቀራል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ባለመገኘታቸው ብቻ የተጣለ ማቆሚያ ብዙ ነው።

በመንገድ ላይ

ማቆሚያው የተመረጠ እንደ ሆነ፣ የሚቀረው አያያዙ ነው። መዝጊያውን በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚነቀንቀው፣ በሁለት ሴኮንድ መዘግየት ወይም ከሩቅ በሚሠራ መሣሪያ መጠቀም ያሻል፤ መስታወት ያለው ካሜራ ከሆነ መስታወቱ አስቀድሞ ይነሣ፤ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ መሥራት የሚቻል ከሆነም ይህ ይመረጣል። ንዝረት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በሠላሳኛ ሴኮንድና በአንድ ሴኮንድ መካከል የሚነሣውን ነው። ከዚያ በፈጠነ ጊዜ መዝጊያው ንዝረቱን ይቀድመዋል፤ አሥር ሴኮንድ በሚፈጅ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያው ቅጽበት የተነሣው መንቀጥቀጥ ከጠቅላላው ሲታይ ኢምንት ይሆናል፤ ነፋስ ከሌለ ማለት ነው። በካሜራው ውስጥ ያለውን የማረጋጊያ መሣሪያ አንዳንድ ፋብሪካዎች በማቆሚያ ላይ ጊዜ እንዲዘጋ ስለሚመክሩ የእያንዳንዱን መመሪያ ማንበብ ይገባል። ቦርሳ የሚንጠለጠል ከሆነም መሬት እንዲነካ አድርጎ ማንጠልጠል ይሻላል፤ ክብደቱ ወደ ታች ይስባል፤ መሬቱ ደግሞ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል።

በአየር የሚጓዝ ሰው ሲታጠፍ ከ50 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ማቆሚያ ቢገዛ፣ ብዙ አየር መንገዶች ወደ መንገደኛው ክፍል ይዞ ለመግባት በሚፈቅዱት 55 ሳንቲሜትር ሻንጣ ውስጥ ይገባለታል። ነገር ግን የሾለ የብረት እግሩን በጎማ መለወጥና የፈታሾቹን ፈቃድ ማግኘት አይቀርም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በደናክል በረሃ የሄደ ሰው፣ እንደ ተመለሰ ቱቦዎቹን ነቅሎ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ያድርቅ፤ ጨው የመቆለፊያውን ጥርስ በአንድ ወቅት ውስጥ ይበላዋል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ በሙዚየሞችም ውስጥ ማቆሚያ ለመዘርጋት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጠባብ መተላለፊያ ሦስት እግር ምእመኑን ያሰናክላልና።

ማቆሚያ በማይፈቀድበት ቦታ አንድ ርካሽ መፍትሔ አለ። ሁለት ኪሎ ግራም ጤፍ ወይም ምስር የሞላበት የአቡጀዲ ከረጢት በግንብ ላይ ወይም በመኪና መስኮት ላይ ተቀምጦ ካሜራው ቢጋደምበት፣ ከብዙ ቀጭን ማቆሚያ የተሻለ ይይዛል። በባሌ ተራሮች ወፍ የሚያነሡ ሰዎች በመኪና ውስጥ ሆነው የሚሠሩት በዚህ ነው። ከረጢቱ ባዶውን ይጓዛል፤ እህሉ በደረሱበት ገበያ ይገዛል፤ ሥራው ሲያልቅም ይበላል።

አዲሱን ማቆሚያ ይዤ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ እንጦጦ ተመለስኩ። ምሰሶ የለውም፤ ከወገቤ ጥቂት ከፍ አድርጌ ዘርግቼው፣ ከቁጥቋጦው ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ፣ ነፋሱ ፋታ በሰጠ ቁጥር አነሣሁ። ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ስምንቱ ደኅና ሆኑ፤ መብራቶቹም ድብልብል ናቸው። ድርጅቱ ግን በዚያን ጊዜ ግድግዳውን በሌላ ሰው ሥራ ሸፍኖት ነበርና ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ በቤቴ ይገኛል። ወርዱ 2 ሜትር ከ40 የሚሆን ባዶ ግድግዳ ስለሌለኝ በ60 ሳንቲሜትር አሳትሜዋለሁ።